ቱሉ ዲምቱ ላይ የቆመችው ጀልባ፦ ከመግዛት በፊት ምን አየን?

ገዢው ላንጋኖ ዳር ሎጅ ያለው የቆየ ወዳጄ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚወርዱ ወጣቶች "ዌክቦርድ የለም እንዴ?" እያሉ ሰላም ነሱት። ለማያውቀው፣ ዌክቦርድ ማለት ሁለት እግርን ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ ገመድ ጨብጦ፣ ጀልባ በሰዓት ከ30 እስከ 38 ኪሎ ሜትር እየጎተተች ከኋላዋ በምታነሣው ሞገድ ላይ መዝለል ነው። ለዚህ ተራ የሽርሽር ጀልባ አትሆንም። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ፣ ፕሮፔለሯ ከሥሯ የገባ፣ ውሃ እየሞሉ የሚያከብዷት ታንኮች ያሏት፣ ገመዱ የሚታሰርበት ከፍ ያለ ማማ የተገጠመላት መሆን አለባት። የአዲሷ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ያገለገለች ፍለጋ ተገባ።

ደላላ አንዷን አገኘ። የቆመችው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የብረታ ብረት መጋዘን ጓሮ ውስጥ ነው። አሜሪካ ሠራሽ፣ የ2008 ሞዴል፣ 5.7 ሊትር ቪ-8 የቤንዚን ሞተር። ቆጣሪዋ 340 ሰዓት ያሳያል፤ የጀልባ ዕድሜ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሞተሯ በሠራው ሰዓት ነው። የተጠየቀው 6 ሚሊዮን ብር። ሻጩ በዕድሜ ጠና ያሉ ነጋዴ ናቸው። "ለልጆቼ ብዬ ነበር ያስመጣኋት። ልጆቹ ውጭ አገር ቀሩ፣ እሷ እዚህ ቀረች" አሉን።

እኔ የጀልባ ሞተር ነው የምሠራው። ወዳጄ ደውሎ፣ "ና እስቲ፣ ሞተሯን ስማልኝ" አለኝ። መኪና ሲገዛ እንደሚደረገው ማለቱ ነው፤ አስነሥቶ ማዳመጥ፣ ቀለም ማየት፣ ጎማ መርገጥ። ጀልባ ላይ ይህ ብዙም አያስኬድም። ጀልባን የሚበላት ውሃ ነው። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣና የት ተደብቆ እንደሚቀር ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል።

ወረቀቷና የመጣችበት ውሃ

መጀመሪያ ያየሁት ሞተሯን ሳይሆን ጀርባዋን ነው። አሜሪካ የሚሠራ ጀልባ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ፣ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይኖረዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። 08 ይላል። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቷ) ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው፤ ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ እዚያው እናቆም ነበር። ወረቀቷ ከአካሏ ጋር የማይገናኝ ጀልባ በግማሽ ዋጋም አትገዛም።

ዲክላራሲዮኑ ሌላም ነገር ነገረን። የተሠራችበት አገር አሜሪካ፣ የተላከችበት አገር የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች።

"ጋሼ፣ ዱባይ ጨው ውሃ ላይ ሠርታለች ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ የለም ልጄ፣ ወንዝ ላይ ነበረች ብለውኛል።"

ወዳጄ ዞር ብሎ አየኝ። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ውሃም ከባሕር የሚገባ ነው፤ ጨው ነው። ሰውየው ዋሹ አልልም። የነገሯቸውን ነው የነገሩን። እኔ ግን ከሥሯ ስገባ መሪው አጠገብ አንድ የዚንክ ቁራጭ በቡሎን ታስሮ አገኘሁ። ጨው ውሃ ብረቱን ከመብላቱ በፊት ዚንኩን ይበላል፤ የሚታሰረው ለዚሁ ነው። ለሐይቅ የምትሠራ የዌክቦርድ ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ዚንክ እምብዛም አይታይም። ይኸኛው ግማሹ ተበልቶ አልቋል።

ይህ ለምን አስፈለገ? የዚህች ሞተር ማቀዝቀዣ ክፍት ነው። እንደ መኪና ራዲያተር የላትም። ውሃውን ከታች ስባ፣ በሞተሩ ውስጥ አሳልፋ፣ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ትተፋዋለች። ሐይቅ ላይ ከዋለች ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ማኒፎልድና ከሱ በላይ ያለው ራይዘር የሚባለው ክርን ለረጅም ዘመን ያገለግላሉ። ጨው ውሃ ላይ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከውስጥ እየተበሉ ያልቃሉ። ከውጭ ቀለም ቢቀቡ ምንም አይታይም። እነዚህም ቢሆኑ ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። አዲስ ቀለም።

አካሏ

ስለ አካሏ ብዙ መጨነቅ አላስፈለገም። ምጣድ የምትገዛ ሴት በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን እንደምትሰማው፣ እኔም በፕላስቲክ መዶሻ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ፋይበር ግላስ ጤነኛ ሲሆን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ ውሃ ከጠጣ ወይም ንብብሩ ከተላቀቀ ድምፁ ይደፈናል። ማማው ሥር ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩ፤ የላይኛውን ቀለም እንጂ አካሉን አልነኩም። ወለሉን በባዶ እግሬ ረገጥኩት። የትም አልሰረጎደም። ሞተሩን ከጀልባዋ ጋር የያዙትን ቡሎኖች አጥብቄ ሞከርኳቸው፤ አንዱም ቦታው ላይ አልዞረም። ቢዞር ኖሮ የያዘው አካል በስብሷል ማለት ነበር።

አንድ ነገር ግን መዶሻ አይነግርም። ወለሉ ሥር ያለው ፎም ውሃ ከጠጣ ጀልባዋ በዝምታ ትከብዳለች። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ እዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። የጭነት መኪና ሚዛን በየአቅጣጫው አለ። ከነተሳቢዋ ጎትተን ወሰድናት። ፋብሪካው የጻፈው ባዶ ክብደት 1,590 ኪሎ ነው። የተሳቢውን 500 ኪሎና ያለውን ቤንዚን ስንደምርበት 2,150 ገደማ ይመጣል። ሚዛኑ 2,220 አለ። ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ገመድ፣ ከመቀመጫ ሥር የተጠቀጠቁ የሕይወት አድን ጃኬቶች ልዩነቱን ይሞላሉ። ሆዷ ደረቅ ነው።

ሚዛኑ ቤት ያለው ልጅ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት "ልዩ ልዩ" ብሎ ጻፈ።

በርሜሉ

ይህች ዓይነት ጀልባ መሬት ላይ ያለ ውሃ መነሣት የለባትም። ውሃ ሳቢው ፓምፕ ውስጥ ክንፍ ክንፍ ያለው የጎማ ኢምፔለር አለ። ክንፎቹን የሚያለሰልሳቸው ራሱ የሚሳበው ውሃ ነው። ደርቀው ከዞሩ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይቃጠላሉ። ሻጩ ግን "ቅድም አስነሥቼ አሙቄያታለሁ" አሉን። በምን ውሃ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ለሁለት ደቂቃ ነው፣ ምን ትሆናለች?"

የፓምፑን ክዳን ፈታሁ። ከስድስቱ ክንፎች አንደኛው የለም። የቀሩት ወደ አንድ ጎን ተጣመው ደርቀዋል፤ በጣት ስነካቸው አይመለሱም። የጎማው ዋጋ ከቁጥር አይገባም፤ ጥያቄው የጠፋው ክንፍ የት ሄደ የሚለው ነው። ቁራጩ ውሃው በሚሄድበት ሄዶ ጠባብ ቦታ ላይ ይወተፋል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየፈታን ቴርሞስታቱ ቤት መግቢያ ላይ አገኘነው። እዚያው ተወትፎ ቢቆይ ሞተሯን ያነድ ነበር።

አዲስ ኢምፔለር ይዤ ነው የሄድኩት፤ ገጠምኩት። በርሜል ውሃ አጠገቧ አቁመን የመሳቢያውን ቱቦ ከተትንበት። ቪ-8 ሞተር በዝቅተኛ ዙር እንኳን ውሃ ይጠጣል፣ በርሜሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወረደ። ያ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። የመጋዘኑ ዘበኛ ሮቶው ሲጎድል ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። እውነታቸውን ነው።

ሞተሯ ተነሣች። ድምፅዋ ግሩም ነው። ደላላው "አላልኩም!" አለ። ማርሽ ግን አላስገባንም፤ ፕሮፔለሩን የሚይዘው ዘንግ የተቀመጠበት የጎማ ኩሽኔታም የሚለሰልሰው በሐይቁ ውሃ ነው። ዘንጉን በእጅ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት። ትንሽ ልቅ ነው፣ ገና ይሠራል።

120 ስንት ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሊበላሽ የነበረው። ወዳጄ ሌላም መካኒክ ይዞ መጥቶ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ መኪና ላይ አይታማም። ሞተሯ ሞቃ እያለች ስምንቱንም ካንዴላ ፈታን፣ ቤንዚኑንና እሳቱን ዘጋን፣ ጋዙን ሙሉ ከፍተን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለካን። ቁጥሮቹ በፒኤስአይ እንዲህ ወጡ፦ 124፣ 122፣ 126፣ 121፣ 125፣ 123፣ 84፣ 119።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ሞተር ከ150 እስከ 180 መስጠት አለበት ይላል። ስምንቱም አልቀዋል። ሞተር መቀየር ነው።" ወዳጄ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ለባሕር ጠለል ነው። እኛ የቆምነው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ግፊት ይጎድለዋል። ፒስቶኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ሂሳቡን እዚያው የብረት ክምር ላይ ቁጭ ብለን ሠራነው። ባሕር ጠለል ላይ 150 የሚሰጥ ሞተር እዚህ 115 ገደማ ይሰጣል፤ 180 የሚሰጠው ደግሞ 140 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ 120ዎቹ ጤነኞች ናቸው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በኮምፕሬሽን ቁጥር "ሞተሩ አልቋል" የሚባሉ ነገሮች ሁሉ በዚህ ዓይን ቢታዩ ደስ ይለኛል፤ መኪናም ቢሆን።

ከፍታን የማይፈራው መለኪያ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 70 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ። 84 ለ126 ሲካፈል 67 በመቶ ነው። ችግሩ ሰባተኛዋ ላይ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የምር ታማለች።

አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አንጠባጥበን እንደገና ለካን። ፋሻው (ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት) ካለቀ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ወደ 88 ብቻ ከፍ አለ። ፋሻ አይደለም። ጎረቤቷም ጤነኛ ስለሆነች የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጓርኒሲዮን የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። የቀረው ቫልቭ ነው። ከዚያ ሲሊንደር የወጣውን ካንዴላ ፀሐይ ላይ አዞርኩት። የሌሎቹ ጥርስ በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ የሱ ጥርስ ላይ ግን ቀይ ዝገት አለ። ዝገት ያለ ውሃ አይመጣም። ውሃ ደግሞ እዚያ ድረስ የሚገባበት አንድ አጭር መንገድ አለ፤ ከላይ፣ ከራይዘሩ።

ራይዘሩን ስንፈታ ሻጩ ቀርበው ቆሙ። አዲሱ ጥቁር ቀለም ከውጭ ያብለጨልጫል። ውስጡን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላቀቀ መሬት ላይ ወደቀ። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ገጽ ላይ፣ ከውሃው ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ ጭሱ ቀዳዳ የሚደርስ ቀጭን የዝገት መስመር ተሥሏል። ውሃው ሞተሯ በጠፋች ቁጥር በዚያች መስመር እየተንጠባጠበ ወርዷል። ቫልቩ መቀመጫው ላይ ዝጎ በደንብ መዝጋት አቅቶታል። ዘይቷን አየን፤ ወተት አልመሰለም። ውሃው ገና ወደ ዘይቱ አልደረሰም።

ሻጩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ "ይሄን ማንም አልነገረኝም" አሉ። አመንኳቸው።

ዲናሞው

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ተቀይሯል። ሶማሌ ተራ የተገዛ የመኪና ዲናሞ ነው። "ልኩ አንድ ነው፣ ዋጋው ግማሽ" ተብለው ነው የገጠሙት። ልኩስ አንድ ነው። ግን የመኪና ሞተር ሥሩ ክፍት ስለሆነ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ትነቱን ነፋስ ይወስደዋል። የጀልባ ሞተር የተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሆዷ ውስጥ ይተኛል። የጀልባ ዲናሞና ሞተሪኖ (ሞተር አስነሺው) የውስጣቸው ብልጭታ ወደ ውጭ ወጥቶ ትነቱን እንዳያቀጣጥል ሆነው ነው የሚሠሩት። የመኪናው እንዲህ አይደለም። በዚያ ላይ ከማስነሣት በፊት ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ትነቱን ጠርጎ የሚያወጣው ብሎወር ተቃጥሏል። ሰዎች ጭና ሐይቅ መሃል ላይ ብትፈነዳስ? ለወዳጄ ሌላው ሁሉ በዋጋ የሚያልቅ ነገር እንደሆነ፣ ዲናሞውና ብሎወሩ ሳይቀየሩ ግን አንድ እንግዳ እንዳያሳፍርባት ነገርኩት።

ዋጋው

የሚቀየረውን በወረቀት ጻፍን። ሁለቱም ማኒፎልድና ራይዘር፣ የአንድ በኩል ቴስታታ ወርዶ ቫልቩ ቶርኖ ቤት ሊሠራ፣ የጀልባ ጓርኒሲዮን፣ ዲናሞ፣ ብሎወር፣ የተሳቢው ሁለት ኩሽኔታና ጎማዎች። (የተሳቢው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጎኑ ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች ግን በ2008 34ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ይናገራሉ። ጎማ ቆሞም ያረጃል።) ማኒፎልድ ከባድ ብረት ነው፤ በአየር ሲመጣ የጭነቱ ክፍያ ከዕቃው ይፎካከራል።

ወረቀቱን ለሻጩ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

"ልጄ፣ ልትገዙኝ ነው ወይስ ልታርዱኝ?"

"ጋሼ፣ አካሏ ጤነኛ ባይሆን ኖሮ ሻይ ጠጥተን ነበር የምንሄደው" አላቸው ወዳጄ። እውነት ነው። ሞተር ይሠራል፤ የበሰበሰ አካል ግን እዚህ አገር የሚያድሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ሻጩ ራሳቸው አሠርተው እንዲሸጡለት ወዳጄ ሊጠይቅ ነበር። ከለከልኩት። የሚሸጥ ሰው ሲያሠራ በርካሹ ነው የሚያሠራው፤ ዲናሞው ምስክር ነው። የሚሻለው ዋጋውን አውርዶ ራስ ማሠራት ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 4.7 ሚሊዮን ላይ ቆመ። 1 ሚሊዮኑ ግን ተይዞ የሚከፈለው ውሃ ላይ ከተሞከረች በኋላ እንዲሆን ጠየቅን። ምክንያቱም ማርሿ፣ የዘንጉ ንዝረት፣ የታንኮቹ ፓምፖች ደረቅ ላይ በደንብ አይታዩም። ታንኮቹን ተሳቢ ላይ ሙሉ መሙላትም አይቻልም፤ ክብደቱ ተሳቢውንም አካሏንም ይጎዳል።

"መኪና ስሸጥ እስከ ሐዋሳ ነድቼ ልሞክራት ያለኝ ሰው የለም" አሉ ሻጩ። ደላላው ኮሚሽኑ ሲርቅበት ታየውና እሱ ራሱ ለመናቸው። ፈረሙ።

ባቦጋያ

ዕቃው መጥቶ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቢሾፍቱ ወሰድናት። ሰባተኛዋ ሲሊንደር ከጓደኞቿ ጋር እኩል ሆናለች። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ አወረድናት። ሞተሯ እስክትሞቅ ጠበቅን፤ ሙቀቷ 72 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማርሿ ወደፊትም ወደኋላም ሳትንገጫገጭ ገባች። ዘንጉ ከአካሏ በሚወጣበት ቦታ ውሃው በጅረት ይገባ ነበር፤ መያዣውን ትንሽ ሳጠብቀው በደቂቃ ወደ ጥቂት ጠብታ ወረደ። ለዚህ ዓይነቱ መያዣ ጠብታ ጤና ነው። ጨርሶ ማድረቅ ዘንጉን ያቃጥላል። ከታንኮቹ የቀኝ ኋላው ይሞላል፣ ግን አይፈስም። ፓምፑ ነው።

ከዚያ ጋዙ ሙሉ ተሰጠ። ከ4,800 በላይ ልትዞር የሚገባት ሞተር 4,300 ላይ ቀረች። ሻጩ ዳር ቆመው የእኛን ፊት ነው የሚያዩት። ከፍታው እዚህም ተከትሎን መጥቷል። ባቦጋያ 1,870 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ 18 በመቶ ገደማ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ፕሮፔለር ደግሞ ለቆላ አገር ነው። ጥፋቱ የጀልባዋም የሻጩም አይደለም። የክንፎቹ ጥምዘዛ አነስ ያለ ፕሮፔለር ያስተካክለዋል። ይህን ስነግራቸው ሻጩ "እና ብሬ?" አሉ። የፓምፑ ዋጋ ተቀንሶ የቀረው ብር እዚያው ከስልክ ወደ ባንካቸው ተላለፈ።

አሁን ላንጋኖ ናት። ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይሻላታል፤ ውሃው ግን ደለል ያዘለ ነው፣ ደለል ደግሞ ኢምፔለርና የዘንግ ኩሽኔታ ይበላል። ስለዚህ ኢምፔለሯ በየወቅቱ እንዲታይ፣ ልቅ የነበረው ኩሽኔታም ከአዲሱ ፕሮፔለር ጋር አብሮ እንዲቀየር ተስማምተናል። ፕሮፔለሩ ታዟል፣ ገና አልደረሰም። እስኪመጣ ድረስ ታንኮቹን ግማሽ ብቻ እየሞሉ ነው የሚነዷት።